አንባቢው ቢፈቅድም፣ ባለ ድረ ገጹስ?

ጥያቄ፦ ለንደን ተቀምጬ የምግብ አሠራርና የልጆች ተረት በአማርኛ የማወጣበት ድረ ገጽ አለኝ። የአንባቢዎቼ ኢንተርኔት አቅራቢ ጽሑፎቼን በመንገድ ላይ እያነበበ ማስታወቂያ ቢሸጥባቸው መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው፤ ማስፈጸሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እንግሊዝ ይህን በተግባር አይታዋለች። ፎርም (Phorm) የተባለ የማስታወቂያ ኩባንያ መሣሪያ በኢንተርኔት አቅራቢው በቢቲ (BT) መስመር ላይ ተተክሎ ደንበኛው የከፈተውን ገጽ ይመረምር፣ ቁልፍ ቃላቱን ይለቅም፣ በዚያም ማስታወቂያ ይመርጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ሙከራው የተካሄደው ደንበኞቹ ሳያውቁ ነው። ነገሩ በ2008 ሲጋለጥ ብዙ ሰው የተቆጣው ለአንባቢው ነበር። ኒኮላስ ቦም የተባሉ የሕግ ባለሙያ ግን በዚያው ዓመት ባወጡት ትንታኔ የባለ ድረ ገጾችንም መብት አነሡ።

የእርስዎም ጉዳይ እዚያ ላይ ነው። መልእክት በመንገድ ላይ ሲጠለፍ ሕጉ የሚጠይቀው የላኪንም የተቀባይንም ፈቃድ ነው። አንባቢዎ ገጽዎን ሲከፍት ላኪው እርስዎ ነዎት። እሱ «እስማማለሁ» የሚለውን ቢጫንም በእርስዎ ስም መፈረም አይችልም። ስለ ጠለፋ የወጣው የቀድሞው የ2000 ሕግ «ፈቅዷል ብዬ በበቂ ምክንያት አምኜ ነበር» ለሚል ጠላፊ ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ የአውሮፓ ኮሚሽን ስለተቃወመ በ2011 ተደፈነ። ዛሬ የሚሠራው የ2016ቱ የምርመራ ሥልጣን ሕግ የሁለቱንም ፈቃድ ይጠይቃል።

ሁለተኛው መሣሪያዎ የቅጂ መብት ነው። ተረቱን እርስዎ ከጻፉት መብቱ ያለ ምንም ምዝገባ የእርስዎ ነው። አቅራቢው «ገጹ እንዲተላለፍ ለቅጽበት መቅዳት ግድ ነው» ይልዎታል፤ እውነቱን ነው፣ የ1988ቱ የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 28ሀ ይህን ይፈቅዳል። ነገር ግን ቅጂው ራሱን የቻለ ኢኮኖሚያዊ ፋይዳ ሊኖረው አይገባም። ለማስታወቂያ ገበያ ሲባል የተወሰደ ቅጂ ይህን መስፈርት እንዴት እንደሚያልፍ አይታየኝም። «ለጎግል ፈቅደሃልና ለእኔም ፈቅደሃል» የሚለውንም አይቀበሉ። ጎግል አንባቢ ያመጣልዎታል፤ ጠላፊው ግን ከአንባቢዎ ጋር በሚያደርጉት ግንኙነት መሐል ገብቶ ይነግዳል። ባለ ድረ ገጽ እምቢ ማለት ይችላል፤ አማዞንም በ2009 ገጾቹ በፎርም እንዳይቃኙ ከልክሏል።

አሁን ወደ ክሱ። በቢቲና በፎርም ላይ ዐቃቤ ሕግ በ2011 ክስ አልመሠርትም አለ። የጠለፋ ወንጀል ክስ በእንግሊዝ ያለ ዋና ዐቃቤ ሕጉ ፈቃድ አይቀርብም፤ ስለዚህ በግልዎ የሚሞክሩት የቅጂ መብቱን ነው። የአእምሯዊ ንብረት ፍርድ ቤቱ ለአነስተኛ ክሶች እስከ 10,000 ፓውንድ የሚያይበት ችሎት አለው። የሚያስቸግረው ማስረጃው ነው፦ ቅጂው የሚወሰደው በአቅራቢው መስመር ውስጥ ስለሆነ በእርስዎ ሰርቨር ላይ ዱካ ላይተው ይችላል።

ከክስ በፊት ግን የድረ ገጽዎ አድራሻ በኤችቲቲፒኤስ (https) መጀመሩን ይመልከቱ። ከጀመረ ግንኙነቱ ስለሚመሰጠር አቅራቢው የድረ ገጹን ስም ሊያውቅ ይችላል እንጂ የጽሑፉን ይዘት አያነብም። ካልጀመረ ለዚህ የሚያስፈልገው ሰርተፊኬት በነፃ ይገኛል። ቀጥሎ «ይዘቱን ለማስታወቂያ ዓላማ መቃኘት አልፈቅድም» የሚል ማሳሰቢያ ገጽዎ ላይ ያስፍሩ፤ ይህንኑ ለአቅራቢው በደብዳቤ ልከው ግልባጩን ከነቀኑ ያስቀምጡ።