ማደንዘዣ ክሬም ቀብታችሁ በፕላስቲክ ከመጠቅለላችሁ በፊት

ሰሞኑን ኢንቦክስ ላይ የሚደጋገም ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ሌዘር ከመግባቴ በፊት ማደንዘዣ ክሬም ተቀባሁ፤ ምንም አልሰራልኝም። ልጨምርበት?»

አትጨምሩ። መጀመሪያ ስንት ደቂቃ ጠበቃችሁ?

የህመም ስሜት ከቆዳ ተነስቶ አእምሮ የሚደርሰው በነርቭ በኩል ነው። መልእክቱ እንዲያልፍ ሶዲየም በነርቩ ግድግዳ ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች መግባት አለበት። ሊዶኬይን እነዚህን በሮች ይዘጋል። መርፌው ይወጋችኋል፣ ወሬው ግን አእምሮ ጋ አይደርስም።

ጣጣው መድኃኒቱ ነርቩ ጋ እስኪደርስ ነው። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ሥራው የውጭ ነገር እንዳይገባ መከልከል ነው። ሊዶኬይንና ፕሪሎኬይን፣ እያንዳንዳቸውን 2.5 በመቶ የያዘው የታወቀው ክሬም ተሸፍኖ ቢያንስ 1 ሰዓት የሚቆየው ለዚህ ነው። ያኔም የሚያደነዝዘው ወደ 3 ሚሊሜትር ጥልቀት ብቻ ነው። 10 ደቂቃ ጠብቆ «ፎርጅድ ነው» ማለት ክሬሙን ማማት ነው።

መሸፈን መድኃኒቱ በደንብ እንዲገባ ያደርጋል። በትንሽ ቦታ ላይ፣ ባለሙያ ባዘዘው ልክ ሲሆን ችግር የለውም። ሁለት እግር ሙሉ ቀብቶ በፕላስቲክ መጠቅለል ግን ሌላ ታሪክ ነው። አሜሪካ ውስጥ የ22 እና የ25 ዓመት ሁለት ሴቶች ለሌዘር ብለው ይህንኑ አድርገው፣ አንቀጥቅጧቸው፣ ራሳቸውን ስተው ሞተዋል። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2007 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ ያወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ክሬም እንዴት ሰው ይገድላል? እነዚያ የሶዲየም በሮች ልብና አእምሮ ውስጥም አሉ። መድኃኒቱ በብዛት ደም ውስጥ ከገባ እነሱንም ይዘጋል። አዲስ የተላጨ፣ የተቧጨረ ወይም የቆሰለ ቆዳ ደግሞ በፍጥነት ያስገባዋል፤ ሙቀትም እንደዚሁ።

ከንፈርና ምላስ ከደነዘዘ፣ አፋችሁ ብረት ብረት ካለ፣ ጆሯችሁ ከጮኸ፣ ካዞራችሁ ወይም ጡንቻችሁ ከተንቀጠቀጠ ክሬሙን ወዲያው ጠርጋችሁ ታጠቡና ሆስፒታል ሂዱ። «ትንሽ ልተኛና ይለቀኛል» አይሰራም።

እናቶች፣ ጥርስ ለሚያበቅል ልጅ ድድ ላይ የሚቀባ ማደንዘዣም ይቅር። በተለይ ቤንዞኬይን ያለበት ደም ኦክስጅን መሸከም እንዲያቅተው ሊያደርግ ይችላል።

ሌዘር ወይም ታቱ ቤት ስም የሌለው ብልቃጥ ከፍተው ሊቀቧችሁ ከመጡ «ምንድን ነው? ስንት ፐርሰንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌላቸው ቀጠሮውን ሰርዙት። የልብ ወይም የጉበት ህመም ያለባችሁና ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ደግሞ ከመቀባታችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።