ሐዋሳ ደረጃዋ ወርዷል?

ጥያቄ፦ የደቡብ ክልል ከፈረሰ በኋላ ሐዋሳ እንደ ቀድሞው ማዕከል ናት?

መልስ፦ በቢሮ ከለካናት፣ አይደለችም። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. አዲሶቹ ክልሎች ሲመሠረቱ መሥሪያ ቤቶቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ሆሳዕናና ሌሎች ከተሞች ተበተኑ፤ ሐዋሳ የሲዳማ መቀመጫ ሆና ቀረች።

ከተማ የሚመዘነው ግን ሰው ከየት ድረስ፣ ምን ፍለጋ ይመጣል በሚለው ነው። ጀርመናዊው የጂኦግራፊ ምሁር ክሪስታለር በ1933 እ.ኤ.አ. የጻፈውም ይህንኑ ነው። ለጨውና ለሳሙና ከአለታ ወንዶ ሐዋሳ ድረስ የሚመጣ የለም። ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛ ግን ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይመጣል፤ አስታማሚውም አልጋ ይይዛል፣ ምግብ ቤት ይገባል፣ መድኃኒት ይገዛል። ቢሮ በአዋጅ ይዛወራል፤ የበሽተኛው ጉዞ ግን በአዋጅ አይዛወርም።

እኔ ከቢሮው ይልቅ የምሰጋው ሶዶን ነው፦ ዩኒቨርሲቲም ሪፈራል ሆስፒታልም አላት።