ከፍትሐት በኋላ የሚቀር ፀፀት



በየቁምስናው የሚያስተምሩ ካቴኪስቶች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም አንድ ምእመን ከብዙ ዓመታት በፊት የሠራውን ከባድ ኃጢአት ለካህን ተናዝዞ፣ ፍትሐት ተቀብሎ፣ የተሰጠውንም ቀኖና ፈጽሞ ሳለ ሕሊናው ግን አላረፈም። ዐቢይ ጾም በመጣ ቁጥር ያንኑ ኃጢአት እንደገና ይናዘዛል፤ ወይም ከናካቴው ከቅዱስ ቁርባን ርቆ በቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይኖራል። ሲጠየቅም «እኔ አልበቃም» ይላል። ጎረቤቶቹም ይህን እንደ ትሕትና ቆጥረው ያመሰግኑታል። ነገሩ ግን ሊመረመር ይገባዋል። በራሱ ብቃት ወደ ጌታ ማዕድ የሚቀርብ ከቶ የለም፤ እግዚአብሔር የፈታውንም እንደ ታሰረ መቁጠር ትሕትና ሊባል አይችልም።

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። ፍትሐት የሚለው ቃል የተገኘው ፈትሐ ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው። ግሡ ሁለት ትርጉም አለው፤ አንደኛው የታሰረውን ፈታ፣ ሁለተኛው ፈረደ ማለት ነው። ፍትሕ የምንለውም ከዚሁ የወጣ ነው። በዓለም ችሎት ጥፋቱን ያመነ ሰው ይፈረድበታል፤ በዚህኛው ችሎት ግን ጥፋቱን ያመነ ይፈታል። ስለሆነም ምእመኑ «ይፍቱኝ አባቴ» ሲል የሚለምነው ምክርና ማጽናኛ ብቻ አይደለም፤ የሚፈታ ፍርድ ነው። ፍርዱም የካህኑ የግል አስተያየት ሳይሆን፣ ክርስቶስ ከትንሣኤው በኋላ ለሐዋርያቱ የሰጠው ሥልጣን ሥራ ነው (ዮሐ 20፡22-23)። እንዲህ ያለውን ፍርድ የተፈረደለት ሰው ስሜት አይሽረውም። ከእስር ቤት የወጣ ሰው ለብዙ ሌሊት በሕልሙ የብረት በሩ ሲዘጋ ሊሰማው ይችላል፤ ነፃ መሆኑ ግን በዚህ አይሰረዝም።

«በኑዛዜዬ ጊዜ አላለቀስሁም፤ እንግዲህ ንስሐዬ አልሠመረም ይሆናል» የሚሉም ብዙዎች ናቸው። የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1551 ዓ.ም. በአሥራ አራተኛው ስብሰባው ስለዚህ ጉዳይ አስተምሯል። ከኃጢአት አስቀያሚነት ወይም ቅጣትን ከመፍራት የመጣ ፍጹም ያልሆነ ፀፀት እንኳ፣ ኃጢአትን የመሥራት ፈቃድን ካስወገደና የይቅርታ ተስፋ ካለው፣ ሰውየውን በምሥጢረ ንስሐ ጸጋን ለመቀበል ያዘጋጀዋል። እንባ ስጦታ ነው እንጂ የምሥጢሩ መሥፈርት አይደለም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለዚህ ትምህርት ከንጉሡ ከዳዊት የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም። በኦርዮና በሚስቱ በቤርሳቤህ ላይ የሠራውን በደል ነቢዩ ናታን በገለጠበት ጊዜ አመነ፤ ነቢዩም እግዚአብሔር ኃጢአቱን እንዳራቀለት ወዲያው ነገረው። የኃጢአቱ መዘዝ ግን አልቀረም፤ ሕፃኑ ታመመ። ዳዊት በምድር ላይ ተኝቶ ጾመ፣ ለመነ። በሰባተኛው ቀን ሕፃኑ ሞተ። አገልጋዮቹ ሊነግሩት ፈሩ፤ እርሱ ግን በሰማ ጊዜ ተነሣ፣ ታጠበ፣ ተቀባ፣ ልብሱን ለወጠ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፣ ወደ ቤቱም ተመልሶ ምግብ በላ (2ሳሙ 12፡20)። አገልጋዮቹ ተደነቁ። በእኛ የሐዘን ልማድማ እንዲህ ያደረገ ሰው ምን ይባል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ዳዊት ይህን ያደረገው ልቡ ስለ ደነደነ አይደለም። በስሙ በሚጠራው በመዝሙር 50 በደሉ ዘወትር በፊቱ እንደሚታየው ይናገራል። አልረሳም፤ ነገር ግን ተነሣ። መዘዙንም ተሸከመ እንጂ፣ መዘዙ በመቅረቱ ምክንያት ይቅርታው ሐሰት ነው አላለም።

የአስቆሮቱ ይሁዳም ተጸጽቷል፤ ይህን ልብ ማለት ይገባል። ንጹሕ ደም አሳልፎ መስጠቱን በአፉ አምኗል፤ ሠላሳውንም ብር መልሷል (ማቴ 27፡3-5)። ፀፀት፣ ኑዛዜ፣ ካሣ፣ ሦስቱም በእርሱ ዘንድ ይታያሉ። የጎደለው ምንድር ነው? በደሉን የነገራቸው ሰዎች ሊፈቱት አልቻሉም፤ አልፈለጉምም። እርሱም ወደ ጌታ ሳይመለስ በራሱ ላይ ራሱ ፈረደ። ጴጥሮስ ግን ጌታ መሆኑን በሰማ ጊዜ ጀልባው ወደ ዳር እስኪደርስ እንኳ አልጠበቀም፤ ወደ ባሕር ዘለለ። ጌታውን የካደው በከሰል እሳት አጠገብ ነበር (ዮሐ 18፡18)፤ ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን ተብሎ የተጠየቀውና በጎቹን የተረከበውም በከሰል እሳት አጠገብ ነው (ዮሐ 21፡9-17)።

የተፈታን ኃጢአት ደግሞ ደጋግሞ የመናዘዝ ጭንቀት ታላላቅ ቅዱሳንንም አግኝቷል። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ እ.ኤ.አ. በ1522 ዓ.ም. በሞንሰራት ገዳም የሕይወቱን ኃጢአት ሁሉ ጽፎ በሦስት ቀናት ተናዘዘ። ቀጥሎ በማንሬሳ ሲቀመጥ ግን «ይህን በሚገባ አልተናገርሁትም፤ ያንንም አጎደልሁ» የሚል ሐሳብ ያሠቃየው ጀመር። ደጋግሞ ተናዘዘ፤ ዕረፍት ግን አላገኘም፤ ነፍሱን ለማጥፋት እስከ መፈተን ደረሰ። እግዚአብሔር ሰላም እስኪሰጠው ድረስ እህል ላለመቅመስ ወስኖ አንድ ሳምንት ሙሉ ጾመ። የንስሐ አባቱ ይህን በሰማ ጊዜ ጾሙን እንዲፈታ አዘዘው፤ ታዘዘም። በመጨረሻም ካለፈው ኃጢአቱ ምንም ነገር ዳግመኛ ላለመናዘዝ ቆረጠ፤ ነፃ የወጣውም ከዚያ ወዲህ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ጭንቀት በላቲን ቋንቋ የሚጠራበት ቃል ትንሽ ስለታም ጠጠር ማለት ነው። ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ትንሽ ቢሆንም መንገደኛን ያስቆማል። በዚህ የተያዘ ሰው አንድ የንስሐ አባት ይዞ «ይህ ተፈትቷል፤ አትመለስበት» ሲባል መታዘዝ አለበት እንጂ ከካህን ወደ ካህን መዞር የለበትም።

ይሁንና ከፍትሐት በኋላ የሚቀር ፀፀት ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። ፍትሐት ኃጢአትን ያስወግዳል እንጂ ኃጢአት ያበላሸውን ሁሉ አያስተካክልም። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ይህን በቁጥር 1459 ያስተምራል፤ የተሰረቀው እንዲመለስ፣ የጠፋ ስም እንዲታደስ ያዛል። የእድር ገንዘብ ያጎደለ፣ በወንድሙ ድርሻ መሬት ላይ በሐሰት የመሰከረ ሰው ሕሊናው ቢወቅሰው፣ ወቀሳው ያልተከፈለ ዕዳ ማስታወሻ ነው። ጾሙን ሁሉ አሟልቶ ለመጾም የማይሰንፍ፣ የወሰደውን ብር መመለስ ግን የሚከብደው ሰው አናጣም። እንዲህ ላለው ሰው ካቴኪስቱ «ተረጋጋ» ከማለቱ በፊት «የሚመለስ ነገር ቀርቶ ይሆን?» ብሎ ይጠይቀው።

ስለ ፅንስ ማስወረድ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ይህን ሸክም ለዓመታት በዝምታ የተሸከሙ እናቶች በየቁምስናችን አሉ፤ ይህ ኃጢአት ከቶ አይሰረይም ብለው የሚያምኑም አሉ። ቀድሞ በምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና መሠረት ከዚህ ኃጢአት መፍታት ለጳጳሱ የተጠበቀ ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ግን እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ የኃጢአቱን ከባድነት ሳይቀንሱ፣ ከእርሱ የመፍታትን ሥልጣን ለካህናት ሁሉ ሰጥተዋል። ስለዚህ ማንኛዋም ሴት በቁምስናዋ ካለው ካህን ዘንድ ልትፈታ ትችላለች። ያስገደዷት ወይም ገንዘቡን የሰጡትም የራሳቸው በደል አለባቸውና፣ እርሷ ብቻዋን የሁሉን ኃጢአት እንድትሸከም ማድረግ ፍትሕ አይደለም።

እንቅልፍ የነሣ፣ ምግብ ያስጠላ፣ ሞትን የሚያስመኝ ፀፀት ሲያጋጥም ደግሞ ነገሩ የሐኪምም ድርሻ ነው። ከልክ ያለፈ የጥፋተኝነት ስሜት ከከባድ የመንፈስ ጭንቀት ሕመም ምልክቶች አንዱ ነውና። እንዲህ ያለውን ሰው «እምነት ጎደለህ» ማለት ሸክም መጨመር ነው፤ ብቻውንም ሊተው አይገባም። ወደ ካህንም ወደ ሐኪም ቤትም ሊወሰድ ይገባዋል።

ከንስሐ ብዙ ዓመት የራቀ ሰው «እንዴት ልጀምር?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አጭር ነው። ካህኑን «ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ይርዱኝ» ማለት ይበቃዋል፤ የቀረውን ካህኑ እየጠየቀ ይመራዋል። የቁምስናውን ካህን የሚያፍር ወደ ሌላ ካህን ሊሄድ ይችላል። የኑዛዜ ምሥጢር በምንም ምክንያት አይገለጥም፤ በቀጥታ የገለጠ ካህን ከቤተ ክርስቲያን ቅጣቶች እጅግ ከባድ በሆነው በውግዘት ይቀጣል። ካቴኪስቱም የኃጢአቱን ዝርዝር ሊጠይቅ አይገባውም፤ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሸኝቶት በውጭ ቢጠብቀው ይበቃል።