ስለ ዘይት ጠብታ፥ ምንጩንም ስለ መመርመር

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚወስደው መንገድ ብርድ በበዛበት ደጋ ላይ ረጅም ጊዜ ይሄዳል፤ ከመካነ ሰላምም አልፎ ወደ ጎጃም የሚሻገር ሰው ወደ ዐባይ ሸለቆ ቍልቍል ይወርዳል። በእንዲህ ያለ አገር መኪና የሚነዳ ሰው የሞተሩን ነገር ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋል። ዘይቱ በመንገድ ቢያልቅበት ብረት ከብረት ጋር እየተፋተገ ይግላል፥ በመጨረሻም ሞተሩ ተጣብቆ ይቆማል። የጫናቸውም መንገደኞች በብርድ ያድራሉ፤ ከእነርሱም መካከል ወደ ሐኪም የምትወሰድ ምጥ የያዛት ሴት ልትኖር ትችላለች። ስለዚህ የዘይት ጠብታ የሚናቅ ነገር አይደለም።

አሮጌ መኪና በቆመበት ስፍራ ጥቍር ጠብታ ሲታይ፥ ብዙ ሰው ጥፋቱን የሚፈልገው ጠብታው በወደቀበት ነው። ዘይት ግን እንደ ውሃ ቍልቍል ይሄዳል። ከሞተሩ አናት አምልጦ በጀርባው ይወርዳል፥ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበትም ደርሶ ከዚያ ይንጠባጠባል። ያየውም ሰው «የኋላው ፓራኦሊዮ ተበላሽቷል» ብሎ ይፈርዳል። ፓራኦሊዮ ማለት በሚዞር ዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳያመልጥ የሚከለክል ቀለበት ነው። እርሱን ለመለወጥ ካምቢዮውን ማውረድ ያስፈልጋል፤ ድካሙም ወጪውም ብዙ ነው። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ጠብታው በማግሥቱ እንደ ገና ይታያል፤ ምንጩ ከላይ ነበርና።

ሞተር ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ሲሊንደሮቹ በአንድ ረድፍ የቆሙበት አለ፤ ደግሞም በሁለት ረድፍ ተከፍለው ከታች የተቀራረቡበት፥ ከላይ የተራራቁበት፥ በመካከላቸውም ሸለቆ የመሰለ ስፍራ ያለበት አለ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. የፎርድ ፋብሪካ ያወጣው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር፥ በ1970 ዓ.ም. የወጣው የሬንጅ ሮቨር ሞተርም ከሁለተኛው ወገን ናቸው። በእንዲህ ያለው ሞተር ማኒፎልድ የሚባለው፥ አየርንና ቤንዚንን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰው የብረት ቦይ፥ ከሸለቆው በላይ ይቀመጣል፤ ከበታቹም የሞተሩ ዘይት ይረጫል። ሸለቆውንም የሚያትመው ጓርኒሲዮን የሚባል ስስ ነገር ነው።

ብረቱ ቀን በሥራ ሲግል ይሰፋል፥ ሌሊት በደጋው ብርድ ይኰማተራል፤ ዓመታትም ሲያልፉ ጓርኒሲዮኑ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከፊት ወይም ከኋላ ጫፉ ቢሰነጠቅ ዘይቱ ወደ ውጭ ይፈሳል። አየር በሚገባባቸው ቀዳዳዎች ሥር ቢሰነጠቅ ግን ዘይቱ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ በመሬትም ላይ ምንም ሳይታይ ይጐድላል። መኪናው ወደ ዐባይ ሲወርድ ነጂው የነዳጁን መርገጫ ስለሚለቅ ሞተሩ በማኒፎልዱ ውስጥ በብርቱ ይስባል፥ ዘይቱንም ይመጥጣል፤ ዳገቱን ሲጀምር ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። ይህ ጭስ የቫልቭ ማተሚያዎች ሲያረጁም ይታያልና በእርሱ ብቻ መፍረድ አይገባም። ሲሊንደሮቹ በአንድ ረድፍ በቆሙበት ሞተር ደግሞ በማኒፎልዱ ላይ የሚታየው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከቫልቮቹ ክዳን የወረደ ነው።

ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ መፍቻውን ከማንሣቱ በፊት ሞተሩን አጥቦ ያደርቃል፤ አዲሱ ዘይት ከአሮጌው የሚለየው በንጹሕ ብረት ላይ ነውና። ከዚያም ሞተሩን አስነሥቶ በመብራትና በመስታወት ከላይ ወደ ታች ይመለከታል። የሞተሩንም መተንፈሻ ይመረምራል፤ ይህ ቢደፈን በውስጥ የታመቀው አየር ዘይቱን እየገፋ ያስወጣዋልና።

ምንጩ ማኒፎልዱ መሆኑ ከታወቀ ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቃል። የባትሪውን ሽቦ ይፈታል፤ በብዙ ሞተር የማቀዝቀዣው ውሃ በማኒፎልዱ ውስጥ ያልፋልና ውሃውን ያወርዳል። በሚፈታው ሽቦና ቧንቧ ሁሉ ላይ ምልክት ያደርጋል። ብሎኖቹንም ከዳር ወደ መካከል ጥቂት በጥቂት ያላላል። ማኒፎልዱ ከተነሣ በኋላ ስባሪ እንዳይገባ ቀዳዳዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍናል። አሉሚኒየም በስለት ይጫራልና አሮጌውን ማተሚያ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ያነሣል፤ ዘይት እስከማይቀርበትም ይወለውለዋል። አዲሱን ጓርኒሲዮን አኑሮ፥ ቴስታታውና ሞኖብሎኩ በሚገናኙባቸው 4 ማዕዘኖች ጥቂት ማሸጊያ ይቀባል፤ ሲበዛ ወደ ውስጥ ወድቆ የዘይቱን መንገድ ይዘጋልና። ማኒፎልዱን ሳያንሸራትት ቀጥ አድርጎ ያወርዳል። ብሎኖቹን ከመካከል ወደ ዳር፥ የሞተሩ መጽሐፍ ባዘዘው ልክ፥ በ2 ወይም በ3 ዙር ያጠብቃል። ውሃ ወደ ዘይቱ ገብቶ እንደ ሆነም ዘይቱን ይለውጣል።

አንዳንድ ሰው ይህን ድካም ጠልቶ ማሸጊያውን ከውጭ ይለቀልቃል። ማሸጊያ ግን ዘይት በነካው ብረት ላይ አይጣበቅም፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ይደርስበታል።

በዚህ ሥራ ከእጅ ብልሃት ይልቅ የሚፈተነው ታማኝነት ነው። ባለ መኪናው የሞተሩን ውስጥ አያውቅም፤ «ካምቢዮው ይውረድ» ቢሉት አምኖ ይከፍላል። እውነተኛ ሠራተኛ ግን መርምሮ «ምንጩ ከላይ ነው፥ ካምቢዮው አይነካ» ይላል። ብዙ ገንዘብ ይቀርበታል፤ መንገደኞቹ ግን በሰላም ይገባሉ፥ ስሙም ሳይጐድፍ ይኖራል።

በሰውም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው። ጥፋት ብዙ ጊዜ የሚታየው ከታች ባለው ላይ ነው፥ ምንጩ ግን ከሌላ ስፍራ ይመጣል። በትምህርት ቤት የሚያንቀላፋ ልጅ ቢኖር ሰነፍ ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ ሳይበላ ሌሊት ተነሥቶ ከሩቅ መንደር በእግሩ መጥቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ግን ፍርድ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።