ሕፃን ሲቃጠል መጀመሪያ ውኃ!

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቃጠሎ የመጀመሪያ እርዳታ ነው።

ብዙ ቤቶች ጠባብ ናቸው። ጀበናውም የከሰል ምድጃውም ሕፃን የሚድህበት ወለል ላይ ነው። ልጅ ሲቃጠል ብዙ ሰው ሮጦ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም እንቁላል ይቀባል። ይሄ ልክ አይደለም፤ ቁስሉ እንዲያመረቅዝ ያደርጋል።

ምጣድ እሳቱ ከጠፋም በኋላ ይፋጃል አይደል? ቆዳም እንደዚያው ነው። የገባው ሙቀት ወደ ውስጥ እየጠለቀ ይሄዳል። ስለዚህ፦

1. ልጁን ከእሳቱ አርቁ። ልብሱን አውልቁ፤ ቆዳው ላይ ከተጣበቀ ግን አትንኩት።
2. የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ አፍስሱበት። ውኃ ከጠፋ ከጄሪካን በጆግ እየቀዳችሁ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። በረዶ አታድርጉ። ሌላውን ሰውነቱን እንዳይበርደው ሸፍኑት።
3. ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሳታጠብቁ ሸፍኑ። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡ።
4. ወደ ሕክምና ውሰዱት። ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ቃጠሎ ያክማል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

እናትና አባት ሥራ ሲውሉ ሕፃኑን የሚይዙት አያት፣ ሠራተኛ ወይም እኛ ታላላቆቹ ነን። ስለዚህ ዛሬ ማታ ይህን ለቤተሰባችሁ በሙሉ አንብቡላቸው።

ሰላም ሁኑ!