ጥርኝ ውሃ

በላዔ ሰብእ 78 ሰው የበላ ጨካኝ ነበር። ታሪኩ በየዓመቱ የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል ይነገራል፤ ከአያቶቻችን አፍ የሰማነውም ብዙ ነን። ያ ሰው በመንገዱ ላይ በውሃ ጥም የሚቃጠል ለምጻም ድኻ አገኘ። ድኻው በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ አልሰማውም። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ልቡ ራራ፤ ከያዘው ውሃ ጥርኝ ያህል አጠጣው። በኋላ ነፍሱ ለፍርድ ስትቀርብ ያቺ ጥርኝ ውሃ ሚዛን ደፋች።

ሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ በሐዲስ የሚነገር የአንድ መንገደኛ ታሪክ አለ። ሰውዬው ጠምቶት ጉድጓድ ወርዶ ጠጥቶ ሲወጣ፣ ከጥም ብዛት እርጥብ አፈር የሚልስ ውሻ ያያል። እሱ ራሱ ከጥቂት ጊዜ በፊት የነበረበትን ጥም አስታወሰ። ተመልሶ ወረደ። መቅጃ ዕቃ አልነበረውም፤ ጫማውን ውሃ ሞልቶ፣ በጥርሱ ነክሶ ወጣና ውሻውን አጠጣው። አላህም ማረው።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች የምወዳቸው በውስጣቸው ከሀብቱ ቆርሶ የሰጠ አንድም ሰው ስለሌለ ነው። አንዱ ጥርኝ ውሃ ሰጠ፣ ሌላው አንድ ጫማ ውሃ ሰጠ፤ የጠማውም ውሃ አገኘ። ለተጠማው ምክር አልተሰጠውም፣ ለነገ የተቀጠረም የለም። እኛም ዛሬውኑ መጀመር የምንችለው ከዚህ ነው። ደመወዝ እስኪጨመር፣ ልጆች እስኪያድጉ፣ ቤት ሠርተን እስክንጨርስ ምን አስጠበቀን? ከፊታችን ላለው ፍጡር አሁን የጎደለው ምን እንደሆነ ለአንድ አፍታ ቆም ብሎ ማየት ነው የመጀመሪያው ሥራ። ስናየው ደግሞ የጎደለው ነገር ብዙ ጊዜ እጃችን ላይ ያለ ነው።

ቆሻሻ የምናጠራቅምበትን ማዳበሪያ እንውሰድ። በየሳምንቱ በር አንኳኩተው የሚወስዱት እናቶችና ወጣቶች በእጃቸው ነው የሚያነሡት፤ ጓንቱ ካለም ስስ ነው። እኛ ቤት የተሰበረው ብርጭቆ እነሱ እጅ ላይ ይደርሳል። ስብርባሪውን በካርቶን ጠቅልሎ ለብቻው ማሰር፣ የመርፌ ጫፍ ከሆነ ጠንካራ ጠርሙስ ውስጥ ከቶ መክደን፣ ሲረከቡም «ይቺኛዋ ጠርሙስ አለባት፣ ተጠንቀቁ» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስማቸውን ብትጠይቁ ደግሞ እንዴት ደስ እንደሚላቸው ታያላችሁ። ከተማውን ንጹሕ የሚያደርጉት እነሱ ሆነው ሳለ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ጥቂት ነው።

በሐዘን ጊዜ እኛ ኢትዮጵያውያን ብርቱዎች ነን። ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ሐዘንተኛው እስከ ሠልስት ድረስ ብቻውን የሚሆንበት ሰዓት የለም። በዚህ ልንኮራ ይገባል። ይሁን እንጂ ድንኳኑ ይነሣል። ወንበሩና ድስቱ ወደ ዕድር ቤት ይመለሳል፤ ከክፍለ ሀገር የመጣው ዘመድም ይሄዳል። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነጠላ ጫማዋን አልጋ ሥር የሚያየው ያኔ ነው። የጡረታዋን ወረቀት ለማስተካከል ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተተው፣ ማታ ለአንድ ሰው ስንት ሽሮ እንደሚበቃ ግራ የሚገባው ያኔ ነው። ብዙ ሰው ያለበት የለቅሶ ቀን ብንቀር እንኳ ይቅርታ የሚደረግልን ይመስለኛል፤ ማንም በሌለበት በሁለተኛው ወር ብንሄድ ግን የምንሰጠው ነገር እጥፍ ነው።

ስለዚህ ከለቅሶ ስትመለሱ ስልካችሁ ላይ የሁለት ወር ቀጠሮ ያዙ። ቀኑ ሲደርስ ግማሽ ኪሎ ቡና ይዛችሁ ሂዱ። የሚያጽናና ንግግር ማዘጋጀት አያስፈልግም። የሟቿን ስም ጠርታችሁ «እትዬ እገሊት እኮ በጥምቀት ቀን እንዲህ ብለውን ነበር» ብትሉ ይበቃል። አብዛኛው ሰው ሐዘንተኛውን ላለማስለቀስ ሲል የሟችን ስም ይሸሻል፤ ሐዘንተኛው ግን ያንን ስም የሚጠራለት ሰው ነው የናፈቀው። በዋሽንግተንም ሆነ በሪያድ ሆኖ መርዶ የደረሰው ወገን ደግሞ አፈር ሳያለብስ የቀረ ነውና ቀጠሮው ለእሱ ይበልጥ ይገባዋል።

ከዓረብ አገር ለተመለሰች እህትም እንዲሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ምን ይዛ እንደመጣች ይጠይቃታል። እናንተ እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ ጠይቋት፤ ምን ልትሠራ እንዳሰበች ጠይቋት።

ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር ነው፣ ምን ይለውጣል የሚል ካለ እዳዬ አበበች ጎበናን ያስብ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም በዓል ወደ ወሎ ሲሄዱ ሰው በረኃብ የሚያልቅበት ዘመን ነበር። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጸበል ነው፤ እሱን አከፋፈሉ። የሞተች እናቱ አጠገብ የቀረ ሕፃን ሲያዩ ግን ዳቦና ጸበል እንደማይበቃው ገባቸው። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ደርሰው ነበር። ትዳራቸውና የሞቀ ቤታቸው ቢቀርም ልጆቹን አልተዉም። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ እናት የሆኑላቸው ልጆች ስፍር ቁጥር አልነበራቸውም። የዚያን ቀን መንገድ ላይ ሆነው «ድርጅት አቋቁማለሁ» አላሉም። ሁለት ልጅ አነሡ።

አሁን ወደማይናገሩት ፍጥረቶች እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ይቀረናል።

ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት። ከእህል በረንዳ እስከ ገጠር ወፍጮ ቤት ያለ አህያ የሚሆን ነገር የለም። የአገራችን አህያ ትንሽ ናት፤ አንድ ኩንታል ሲጫንባት የራሷን ክብደት ሊያህል ጥቂት ነው የሚቀረው። ሕመሟንም አታሳይም፤ ዝም ብላ ትቆማለች፣ እኛም ደኅና ናት እንላለን። የከተማ ሰው «እኔ አህያ የለኝ፣ ምን አገባኝ» ሊል ይችላል። ግን አሸዋውን፣ እህሉን፣ ብሎኬቱን የሚያሸክማት ማን ነው? ሂሳቡን የሚከፍለው እኮ የጭነቱ አዛዥ ነው። ቀጣይ ጊዜ ስታስጭኑ ባለአህያውን «በሁለት ጉዞ አድርግልኝ፣ የሁለቱንም እከፍላለሁ» በሉት። ጀርባዋ በናይለን ገመድ ተልጦ ካያችሁ አሮጌ ብርድ ልብስ ስጡትና አጥፎ ከጭነቱ ሥር ያንጥፍላት። ባለአህያው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የሚያስጨንቃት፤ እሱም የዕለት እንጀራውን ነው የሚያሳድደው። ለእሷ የተደረገው ለእሱም ይተርፋል።

በውሻ ጉዳይ ደግሞ ልቤ ይበልጥ ይነካል፤ ድንጋይ የማይወረወርበት ሰፈር ማግኘት ከባድ ነውና። ሰፈር ውስጥ የሚዞር ውሻ ባለቤት ባይኖረውም በርን የሚጠብቅልን እሱ ነው። እንፈራዋለን፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ከሞት የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። መፍትሔው ግን ድንጋይ አይደለም፣ መርዝም አይደለም። መርዝ የበላ ውሻ ሬሳ የሚያነሣውን ጥንብ አንሣም ይገድላል፤ የጥንብ አንሣ ዘር ደግሞ በአፍሪካ እያለቀ ያለው በአብዛኛው በመርዝ ምክንያት ነው። መፍትሔው ክትባት ነው። ውሻ ካላችሁ በየዓመቱ አስከትቡ። የሰፈሩን ውሻ ደግሞ አራት አምስት ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ይችላል። የተነከሰ ሰው ካለም ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጥባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ይህ ርኅራኄ የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ባሌን ተመልከቱ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር የትም የሌለው ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ ከ500 በታች ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም በባሌ ተራሮች ይኖራል። በተደጋጋሚ የጨረሰው ከእረኞች ውሾች የሚዛመት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ የቀይ ቀበሮ ተቆርቋሪዎች ባሌ ወጥተው የእረኞቹን ውሾች ይከትባሉ። እረኛው ውሻው በሕይወት ይኖርለታል፣ ልጁ ከንክሻ ይድናል፣ ቀበሮውም ይተርፋል። በአንድ መርፌ ሦስት ነፍስ! ለዚህ ሥራ ያለኝን አድናቆት የምገልጽበት ቃል አጣለሁ።

ፌስታልም እንስሳት ይገድላል፤ ምግብ የነካ ፌስታል ሜዳ ላይ ሲጣል ላምና በግ ይበሉታል፤ ከሆዳቸው አይወጣም፣ እየተጠራቀመ መብላት ያስቆማቸዋል። በዘንቢል መገብየት የጀመረ ሰው አንዲት ላም አድኗል ብል አላጋነንኩም።

ዛፍን በተመለከተ፣ ችግኝ መትከሉን ለምደናል፤ በሐምሌ አካፋ ያልያዘ ሰው ጥቂት ነው። ችግኙ የሚሞተው ግን በጥር፣ በየካቲት፣ በመጋቢት ነው። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን የሚያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያሳዩን ነገርም ችግኝ ካልተጠበቀ መብቀሉ ብቻ እንደማይበቃ ነው። በደኖቹ ውስጥ የወይራውና የጽዱ ዘር ይወድቃል፣ ይበቅላልም፤ ከብት ይረግጠዋል፣ ይግጠዋል። ምዕመናኑ ከእርሻቸው ላይ ድንጋይ ለቅመው ዙሪያውን ካብ ሠሩ። እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፣ ችግኙም ቀና አለ።

ሰፈራችሁ ውስጥ በክረምት የተተከለ፣ አሁን ማንም የማያየው ችግኝ ይኖራል። ሥሩን በደረቅ ሣር ጎዝጉዙት፤ ውሃ የምታጠጡት ፀሐይ ስትበርድ ይሁን፤ አትክልት የታጠበበት ውሃም ይሆነዋል። ብቻችሁን ከከበዳችሁ ለዕድራችሁ ንገሩ። ድንኳን ለመትከልና ወንበር ለመደርደር ተረኛ የሚመድብ ዕድር ለአሥር ችግኝ ተረኛ መመደብ አያቅተውም። በሚቀጥለው የወር ስብሰባ፣ መዋጮው ተሰብስቦ ሳያልቅ፣ እጃችሁን አውጡና ጉዳዩን አንሡ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ተራ ደግሞ እናንተው ውሰዱ።