ሎግ ፋይሉን ከማሳነስዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከደብረ ታቦር እስከ ነፋስ መውጫ፣ ከወረታ እስከ መካነ ኢየሱስ ሲጓተት የከረመው ክፍያ ሁሉ በዚያ ሰሞን ተሯሩጦ ይመዘገባል። ኤስኪውኤል ሰርቨር የትራንዛክሽን ሎጉ መሙላቱን ነግሮ፣ ስህተት 9002 አሳይቶ አልመዘግብም ቢልዎ የሚልዎ እንዲህ ባለው ሰሞን ነው። ያኔ ከጎንዎ ያለው ሁሉ «ያን ትልቅ ፋይል አጥፋውና እንገላገል» ይላል።

አያጥፉት። መብራት በድንገት ጠፍቶ ሲመለስ ዳታቤዙ የጸደቀውን ሥራ የሚያስቀጥለው፣ ተጀምሮ የቀረውንም የሚሰርዘው ከዚሁ ሎግ እያነበበ ነው። የደጋው ክረምት መብረቅ መብራቱን በሚያቆራርጥበት አካባቢ ሎጉን መሰረዝ ዳታቤዙ ጨርሶ እንዳይከፈት ሊያደርገው ይችላል።

መጀመሪያ ሎጉ ለምን እንዳበጠ ይወቁ። ሲስ ዳታቤዝስ ውስጥ ሎግ ሪዩዝ ዌይት ዴስክ የሚለው አምድ ምክንያቱን ይነግርዎታል። «ሎግ ባካፕ» ካለ የሎግ ባካፕ እየተጠበቀ ነው። «አክቲቭ ትራንዛክሽን» ካለ ደግሞ ያልተዘጋ ሥራ አለ። ይህን ሳይፈቱ ቢያሳንሱት ፋይሉ ተመልሶ ማበጡ አይቀርም።

ሪከቨሪ ሞዴሉስ የትኛው ነው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፉል ከሆነ በየሌሊቱ የሚወሰደው ሙሉ ባካፕ ሎጉን አያጸዳም፤ የሚያጸዳው የሎግ ባካፕ ብቻ ነው። ሲምፕል ከሆነ ሎጉ በቼክፖይንት ራሱን ያጸዳል፤ ነገር ግን ዲስኩ ከቀትር በኋላ ቢበላሽ ከመጨረሻው ባካፕ ወዲህ የገባው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የአንድ ቀን ሥራ እንደገና ማስገባት ይቻል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ቫውቸሩ በፋይል የታሰረለት የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ይችላል። የላቦራቶሪ ውጤት በኮምፒውተር ብቻ የሚመዘግብ ሆስፒታል ግን አይችልም፤ እሱ ፉልን ይዞ የሎግ ባካፑን በየሰዓቱ ወይም ከዚያም ባጠረ ጊዜ ቢወስድ ይሻለዋል። የሎግ ባካፕ የሚወስድ ሰው በሌለበት ፉል ላይ መቀመጥ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ዲስክ ከመሙላት ሌላ ጥቅም የለውም።

የሎግ ባካፕ የፋይሉን ውስጥ ያስለቅቃል እንጂ በዲስኩ ላይ የያዘውን ቦታ አይቀንስም። ያን የሚቀንሰው ዲቢሲሲ ሽሪንክፋይል ነው፤ እሱም ምክንያቱ ከተፈታ በኋላ አንዴ የሚሠራ እንጂ በየሳምንቱ በፕሮግራም የሚያዝ አይደለም። በድሮ መመሪያ ላይ ትራንኬት ኦንሊ የሚል ትእዛዝ ካገኙ ይለፉት፤ ከ2008ቱ እትም ጀምሮ ቀርቷል።

መጠኑን ሲወስኑ ጸጥ ያለውን ወር አይለኩ፤ ሥራ የሚበዛበትን ይለኩ። የእድገቱን ልክም በመቶኛ አይተዉት። በቆዩት እትሞች ነባሩ 10 በመቶ ነበር፤ 40 ጊጋባይት የደረሰ ሎግ በአንድ ጊዜ 4 ጊጋባይት ይጨምራል ማለት ነው። አዲሱ ቦታ በዜሮ ተሞልቶ እስኪያልቅ ደግሞ መዝጋቢው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። እንደ 512 ሜጋባይት ያለ ቋሚ ልክ ይስጡት።

የኤስኪውኤል ሰርቨርን ኤክስፕረስ እትም የሚጠቀሙ ከሆነ፣ እስከ 2022ቱ እትም ድረስ ያለው የ10 ጊጋባይት ገደብ የዳታ ፋይሉን እንጂ ሎጉን አይቆጥርም። ገደቡ ላይ ደርሰው ከሆነ ሎግ ማሳነስ ምንም አይፈይድልዎትም።

ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ በሪሞት ገብቶ የሚያስተካክል ባለሙያ አለኝ ብለውም አይዘናጉ፤ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ያስታውሱ። ባካፑን በሌላ ማሽን ላይ መልሰው፣ ከፍተው፣ መሥራቱን በዓይንዎ ሳያዩ ሎጉን አይንኩ።